እንግዲያ እኛ ለምን ደከምን?

ጥያቄውን የሰማሁት አራት ኪሎ፣ ከግንፍሌ ወደ ላይ በሚወጣ አንድ ቅያስ ውስጥ በተተከለ የዕድር ድንኳን ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሰንብቷል፤ ቀኑ ሠልስት ነው፤ ለቀስተኛው ሳስቷል፤ ንፍሮና ሻይ ይዞራል። ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይለው ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ጋሼ ሚስቱንና ልጆቹን በትኖ ከአረቄ ቤት አረቄ ቤት ሲዞር የኖረ፣ በሰፈሩ ያልተበደረው ሰው የሌለ፣ ሲጠጣ ደግሞ እጁን የሚያነሣ ሰው ነበር። ይህን መጻፌ አኗኗሩን ሳልናገር አሟሟቱን መናገር ስለማልችል ነው።

ሆስፒታል ያስታመመችው ሴት ልጁ ነች። እሷም እንደ እኔ ጴንጤ ናት። ሴቶቹ ከበዋት ስለ መጨረሻዎቹ ሌሊቶች ስታጫውታቸው፣ አባቷ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም እንደነበር፣ ግዕዝ ስለማታውቅ ግን እንዳልገባት ነገረቻቸው። የሰማችውን ያህል ለመድገም ስትሞክር ሴቶቹ ከአፏ ተቀብለው ጨረሱላት፦ «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ።» አቤቱ፣ በመንግሥትህ አስበን ማለት ነው፤ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የለመነው፣ በቅዳሴ የሚዜመው ልመና ነው። ጋሼ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው እንኳ ብዙ አልነበረም። የነፍስ አባት ተፈልገው መጡ፤ ተናዘዘ፤ ሥጋ ወደሙን ተቀበለ፤ በማግስቱ ዐረፈ። «ጌታ ተቀብሎታል» አለች ልጁ።

አጠገቧ እትዬ ተቀምጠው ነበር። ሰባቱን አጽዋማት ሳያጎድሉ የሚጾሙ፣ በዐቢዩ ጾም ሳይመሽ እህል የማይቀምሱ፣ ኪዳን ለማድረስ በጨለማ ወደ በዓታ የሚወጡ፣ በሰሙነ ሕማማት ጉልበታቸው እስኪዝል የሚሰግዱ እናት ናቸው። «ነፍሱን ይማረው» አሉ። ዝም ብለው ቆዩና፣ ማንንም ሳያዩ፣ «እንግዲያ እኛ ለምን ደከምን?» አሉ። መልስ የሰጣቸው አልነበረም። ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ ጥያቄ አልተላቀቅሁም።

## የቅንዓት ጥያቄ ነው?

ነገሩን በኋላ ያነሣሁባቸው ጓደኞቼ፣ አብዛኞቹ የእኔው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ፈጥነው ፈረዱ። «በሥራዬ እድናለሁ የሚል ሰው መጨረሻው ይኸው ነው» አለኝ አንዱ። አልተዋጠልኝም። እኔ እንደማምነው፣ ጸጋ ሲሰበክ ሰምቶ ይህ ጥያቄ ውስጡን ያልነካው ሰው ጸጋን ገና በደንብ አልሰማም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ነገሩ እንደሚመጣበት ያውቃል፤ ስለዚህ «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን?» ብሎ ቀድሞ ራሱ ያነሣዋል። ሕግን ጠብቁና ትድናላችሁ ብሎ የሚያስተምርን ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ጥያቄው የሚነሣው ጸጋ በእውነት ጸጋ ሆኖ ሲነገር ነው።

እኛ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች ኤፌሶን ምዕራፍ 2ን በቃላችን ይዘናል፦ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም።» ይህን ቃል ስንል የሚታየን የራሳችን መዳን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ግን የዳነው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም በደሉን ሁላችንም የምናውቅበት ሰው። ለራስ ሲሆን የሚጣፍጠው ጸጋ ለበደለኛ ጎረቤት ሲደርስ ይጎመዝዛል። የእትዬ ጥያቄ የወጣው ከዚያ ጉምዛዜ ነው፤ እና ደፍረው ስለተናገሩት አከብራቸዋለሁ።

ወንጌል ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ ያነሡ ሰዎች አሉ። ማቴዎስ ምዕራፍ 20። በከተማችን መንገድ ዳር አካፋና ዶማ ይዘው ቀጣሪ የሚጠብቁ ወጣቶችን በየማለዳው ለሚያይ ሰው ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ባለ ወይኑ ማልዶ ወጥቶ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ ይደግማል፤ መሣሪያ ሊሰበሰብ ሲል፣ በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ የመጨረሻዎቹን ያስገባል። ለሁሉም አንድ አንድ ዲናር። የማለዳዎቹ አንጎራጎሩ፦ «እነዚህ ኋለኞች አንዲት ሰዓት ሠሩ፥ የቀኑንም ድካምና ትኩሳት ከተሸከምን ከእኛ ጋር አስተካከልሃቸው።»

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስቆመኝ የአከፋፈሉ ቅደም ተከተል ነው። ባለቤቱ መጋቢውን ከኋለኞቹ ጀምረህ ክፈል ይለዋል። የማለዳዎቹ መጀመሪያ ቢከፈላቸው ኖሮ የተስማሙበትን ዲናር ይዘው፣ ተመስገን ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ማንም አያንጎራጉርም፤ ግን ማንም ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አያውቅም። እንዲያዩ የፈለገው እሱ ራሱ ነው። ቸርነቱን ያዩት ዘንድ፣ ባዩትም ጊዜ ልባቸው ውስጥ ያለው ይወጣ ዘንድ። ከዚያ ደግሞ የሚያንጎራጉረውን ሰው «ወዳጄ ሆይ» ብሎ ነው የሚጠራው። ይህን ሳነብ ጌታ ለእትዬ የሚሰጠው መልስ ቁጣ እንደማይሆን እርግጠኛ ነኝ።

ሌላም አለ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት የቆሙት ለምን ቆማችሁ ሲባሉ «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ መቆም ዕረፍት ነው? ባዶ እጅህን ወደ ልጆችህ እንደምትገባ እያሰብክ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ማየት? ማለዳ የተቀጠረው ሰው ላቡ ቢንጠፈጠፍም የማታ እራቱ ተረጋግጦለታል። «እንግዲያ ለምን ደከምን» ስንል ሳናውቀው አንድ ነገር እየተናገርን ነው፦ ከእግዚአብሔር ጋር የኖርንበት ዘመን ኪሳራ፣ ያለ እሱ የተኖረው ዘመን ግን ጨዋታ ነበር እያልን ነው። ጋሼን በየጉራንጉሩ ወድቆ ያየ ሰው ያ ኑሮ ጨዋታ ነበር አይልም። ያመለጠን ነገር የለም። ያመለጠው እሱን ነው፤ ልጆቹ ሲያድጉ አላየም።

## እኛም ጋ ያለው ሕግ

እዚህ ላይ ለእኔ ወገን የሚመች ጽሑፍ መጻፍ ቀላል ነበር፤ እነሱ በሕግ፣ እኛ በጸጋ ብሎ መዝጋት። ግን እውነት አይደለም። በእኛ አዳራሽ የጾም ቀን መቁጠሪያ አይሰቀል ይሆናል፤ ሕግ ግን አለ፣ ያልተጻፈ ስለሆነ ደግሞ ይግባኝ የለውም። ከሱስ የወጣ ወንድም «ፍሬው ይታይ» እየተባለ ዓመታት የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሳታገባ ያረገዘች እህት ከመዘምራን ትወርዳለች፤ ያስረገዛት ግን ማን እንደሆነ ሁሉም እያወቀ አብሮ ይዘምራል። ዐሥራት ያወጣና ያላወጣ፣ የሌሊት ጸሎት የመጣና የቀረ ይቆጠራል። ጸጋ ጸጋ እያልን በየሳምንቱ በምንዘምርበት ቤት ውስጥ ምሕረት የተጠማ ሰው ሞልቷል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

በሌላ በኩል፣ ያቺን የመጨረሻ ልመና ለጋሼ ያስተማረችው ማን ናት? ቅዳሴ ያስቀደሰባት ቤተ ክርስቲያን ናት። እትዬም ቢሆኑ የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው የበላዔ ሰብን ታሪክ የሚነግሩ ናቸው። ያን ያህል ነፍስ ያጠፋ ሰው በጥርኝ ውኃ ዳነ የሚል ታሪክ። እኛ ስለ ማርያም ምልጃ እንከራከራለን፤ ክርክሩ እውነተኛ ነው፣ አላቃልለውም። ግን ያን ታሪክ ለልጆቿ ስትነግር የኖረችን ቤተ ክርስቲያን ከሚዛን የሚያልፍ ምሕረት አታውቅም ለማለት አፌ አይደፍርም። እትዬ የተረኩትን ታሪክ ነው በጎረቤታቸው ላይ ሲፈጸም ያዩት፤ ጎረቤት ሲሆን ይከብዳል።

ጸጋና ሥራ የሚለውን ጠብ ሚስዮናውያን ይዘውት የመጡት የሚመስላቸው አሉ። ግን ከእነሱ ብዙ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጀርመን ድረስ፣ ቪተንበርግ ሄዶ ከፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ እምነት ተነጋግሯል። ሉተርም በእምነቱ ተስማምቶ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሸኝቶታል። ሁለቱ ሰዎች ስለ ሁሉም ነገር ተግባብተዋል ብዬ አይደለም። አንዱ የሌላውን ክርስትና ለማየት ቁጭ ብለው መስማታቸውን ግን እወድደዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በሕግ ጉዳይ የተጣሉትም መጽሐፍ ገልጠው ብቻ አልነበረም፤ ማዕድ ላይ ነው። ጴጥሮስ አንጾኪያ ውስጥ ካልተገረዙት ጋር ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ለየ፤ ጳውሎስም ፊት ለፊት ተቃወመው። ማን ከማን ጋር ይበላል የሚለው ጥያቄ በእኛ ከተማ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አልነግረውም። ይኸው ጴጥሮስ ነው በኢየሩሳሌሙ ጉባኤ ተነሥቶ «አባቶቻችንና እኛ ልንሸከመው ያልቻልነውን ቀንበር በደቀ መዛሙርት ጫንቃ ላይ» ለምን ትጭናላችሁ ያለው። ልንሸከመው ያልቻልነውን፦ ይህን የሚለው ሕጉን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው።

## በሩ ላይ የቆመው ጃንደረባ

እኛ ኢትዮጵያውያን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንኮራለን። የህንደኬ ጃንደረባ፣ ባለ ሠረገላው፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነው። ክርስትናን ቀድመን እንደተቀበልን ስንናገር መጀመሪያ የምንጠራው እሱን ነው። ግን ጃንደረባ መሆኑን እንጠራና እናልፈዋለን። ዘዳግም ምዕራፍ 23 የተሰለበ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ይከለክላል። ይህ ሰው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር፤ ሕጉ ግን በጉባኤው ውስጥ ቦታ አልሰጠውም። ሊያስተካክለው የሚችለው ነገርም አይደለም። ቢጾም አይለወጥም፤ ቢሰግድ አይለወጥም፤ የንግሥቲቱን ግምጃ ቤት ቢሰጥ አይለወጥም።

ሲመለስ የሚያነበው ኢሳይያስን ነው፣ ምዕራፍ 53ን። ጥቂት ምዕራፎች ወረድ ብሎ፣ 56 ላይ፣ ጃንደረባው «እነሆ፣ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» እንዳይል፣ በእግዚአብሔር ቤት የማይጠፋ ስም እንደሚሰጠው ተጽፏል። እዚያ ደርሶ ያንብብ አያንብብ መጽሐፉ አይነግረንም። የጠየቀው ግን ተጽፏል፦ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲከለከል የኖረ ሰው ድምፅ አድርጌ ነው የማነበው። ፊልጶስ ደግሞ ሕጉን ያውቃል። ሆኖም በፍጹም ልብህ ብታምን ተፈቅዶአል ከማለት በቀር የጠየቀው ነገር የለም። አብረው ወደ ውኃው ወረዱ።

የምንኮራበት በኩራችን እንዲህ ነው የገባው። ሕጉ ክፉ ስለነበረ አይደለም፤ ጳውሎስ ራሱ ሕጉ ቅዱስ ነው ይላል። ሕጉ ያ ሰው ምን እንደጎደለው መናገር ይችላል፤ የጎደለውን መሙላት ግን አልተሰጠውም።

## የዕድሩ መዝገብ

ወደ ድንኳኑ ልመለስ፤ ምክንያቱም አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። ዕድር በደንብ ነው የሚኖረው። መዋጮ ያልከፈለ ይቀጣል፤ ወራት ካሳለፈ ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ድንኳን አይተከልለትም። ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ደንቡ ባይኖር ማንንም መቅበር ስለማይችል ነው። ጋሼ ደግሞ መዋጮ የሚከፍል ሰው አልነበረም። ታዲያ ይህ ድንኳን በማን ተተከለ? አጠገቤ የነበሩትን የዕድሩን ጸሐፊ ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «በየወሩ ተከፍሏል» አሉኝ። «ማን ከፈለ?» በአገጫቸው ወደ እትዬ አመለከቱኝ። «እንዳትናገር ብለውኝ ነበር፤ አሁን ግን ሰውየውም አልፏል።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እንላለን። ጌታም በሰፈራችሁበት መስፈሪያ ይሰፈርላችኋል ብሏል፤ ስለዚህ ተረቱን ልሽረው አልችልም። ደንብ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፣ ዕድሩም ጭምር። ግን የጋሼ ስም ከመዝገቡ ያልተፋቀው ደንቡ ስለተሻረ አልነበረም። መዋጮው እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተከፍሏል፤ ከፋዩ ሌላ ሰው ነው። ስለ መስቀሉ የሰማሁት ስብከት ሁሉ ያን ቀን ጸሐፊው በሹክሹክታ ከነገሩኝ የበለጠ አላስረዳኝም።

ከፋሲካ በኋላ ቤታቸው ሄጄ እትዬን ስለዚያ ንግግር ጠየቅኋቸው። የዕድሩን ነገር አላነሣሁም። ቡና እየቀዱ፣ «ጌታን መክሰሴ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ደክሞኝ ነው። ጋሼን ሁሉም አዘነለት፣ ሁሉም አለቀሰለት። እኔን ግን እትዬ ደክሞሻል፣ አረፍ በይ ያለኝ ሰው አላስታውስም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው። የእኛ ሰባኪዎች ታናሹን ልጅ ሲያከብሩት ታላቁን ያወግዙታል። አባትየው ግን አላወገዘውም። ለታናሹ ሮጦ እንደወጣ ሁሉ ለታላቁም ከግብዣው ወጥቶ ለመነው፦ «ልጄ ሆይ፥ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፥ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው።» በጸጋ መዳንን ስንሰብክ ለደከሙት ይህን ካልነገርናቸው ስብከታችን ጎደሎ ነው። እትዬ በጾማቸው ገነትን አልገዙም፤ ግን ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ ሁሉ ስግደት ከአባታቸው ጋር የዋሉበት ነው፤ ማንም የማይወስድባቸው የራሳቸው ሀብት ነው።

## ለተበደሉትስ?

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ልጁ አትቀየመኝም፣ እኔ ግን እቀየማለሁ። እናቷ ለቅሶው ላይ አልመጡም። ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም። እግዚአብሔር ጋሼን ይቅር ማለቱ እሳቸው የተመቱትን አልተመቱም አያደርገውም። ጸጋን ስናወራ በተበደለው ሰው ሒሳብ ቸር የምንሆንበት ጊዜ አለ፤ «ጌታ ይቅር ካለው አንቺ ማነሽ?» እየተባሉ በግድ የታረቁ ሚስቶች አውቃለሁ። የእኔ ወንጌል ይህን አይልም። ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ ገብቶ ሲጎበኘው የመጀመሪያ ሥራው የበደላቸውን መቁጠር ነበር፤ ካለው ግማሹን ለድሆች፣ የበላውን አራት እጥፍ። ጌታ ወደ ቤቱ የገባው ይህን ካደረገ በኋላ አይደለም። ቀድሞ ገባ፤ ከዚያ የዘኬዎስ እጅ ተፈታ።

በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ግን እጁ በችንካር ነበር። የሚመልስበት ጊዜም፣ የሚመልስበት እጅም አልነበረውም። ጋሼም እንዲሁ። አርባው ሲቃረብ ዘመዶቹ ተዝካር ይውጣለት አሉ፤ ልጁ አልተስማማችም፤ ትንሽ መቀያየም ሆነ። እሷ ያጠራቀመችውን ብር ይዛ አባቷ ወደተበደራቸው ሰዎች መሄድ ጀመረች። ከዘመዶቹ አንዱ «ተዝካሩን ከልክለሽ ይኼ ምን ይጠቅመዋል?» ሲላት ሰምቻለሁ። «ለእሱ ብዬ አይደለም» አለችው። «እሱን ጌታ ተቀብሎታል፤ የምጨምርለት የለም። ባለ ሱቁ ግን ልጆች አሉት፣ ብሩን ይፈልጋል።»

አብረዋት የሚዞሩት እትዬ ናቸው። ማን ስንት እንዳበደረው ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም፤ የሥጋ ቤቱን ዕዳ ልጁ ጭራሽ አልሰማችም ነበር።